ሽቦ ሲላጥ መዳቡ አይነካ



በግ ታርዶ ሲገፈፍ ሁላችሁም አይታችኋል። ጎበዝ ገፋፊ ቢላውን ብዙ አይጠቀምም። መጀመሪያ በቢላ ትንሽ ይቀድዳል። ከዚያ በኋላ በጡጫው እየገፋ ቆዳውን ከሥጋው ይለያል። ለምን እንዲህ ያደርጋል? ቢላ የነካው ቆዳ ቀዳዳ ስለሚያወጣ ነው። ቆዳ ነጋዴው ዘርግቶ ያየዋል። ቢላ የነካው ከሆነ ዋጋውን ይጥላል።

የኤሌክትሪክ ሽቦ መላጥም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። ከበጉ ላይ ሳይነካ እንዲወጣ የምንፈልገው ልባሱን ነው። በሽቦ ላይ ግን ሳይነካ እንዲቀር የምንፈልገው ውስጡን፣ ማለትም መዳቡን ነው። የተነካ ቆዳ ዋጋው ይወድቃል። የተነካ መዳብ ግን ቤት ያቃጥላል።

የዛሬው ትምህርት ይህ ነው። ሽቦ በምን ይላጣል? እንዴት ይላጣል? የትኛው መሣሪያ ይሻላል? ትምህርቱን ለብቻችሁ አታንብቡት። ማንበብ የቻለ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ለጎረቤቱ ያንብብለት።

1. ትምህርቱ ለምን አስፈለገ?

በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሥራ ሲጀምር ኃይሉ 43 ሜጋ ዋት ያህል ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ኃይል 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ። ከመቶ እጥፍ በላይ አድጓል።

ከግድብ የሚወጣው ኃይል በትላልቅ ምሰሶዎች ላይ ተራራና ወንዝ ይሻገራል። ትራንስፎርመር ጋ ሲደርስ ቮልቱ ይቀነሳል። ወደ ቤታችን ሲገባ 220 ቮልት ነው። ለትልልቅ የወፍጮ ሞተሮች የሚገባው ደግሞ 380 ቮልት ነው።

መስመር ያልደረሰበት ቤትም ቢሆን ሽቦ አያጣውም። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ሽቦ አለው። ባትሪ፣ ራዲዮ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ሁሉም ሽቦ አላቸው። ስለዚህ ሽቦ መላጥ ዛሬ የከተማ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም። ማረሻ ሲፈታ እንደምናጠብቅ ሁሉ ሽቦ ሲበጠስም የምንቀጥለው እኛው ነን።

ያ ሁሉ ኃይል አገር አቋርጦ መጥቶ በመጨረሻ ወደ አምፖሉ ወይም ወደ ምጣዱ የሚገባው በአንድ ሴንቲ ሜትር የተላጠ ሽቦ በኩል ነው። ያቺ አንድ ሴንቲ ሜትር ከተበላሸች የግድቡ ትልቅነት ብቻውን ምን ይጠቅመናል?

2. ሳንሱሲ የደረሰ ነገር

እኔ ያደግሁት ሳንሱሲ ነው። ሳንሱሲ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአምቦ መንገድ ላይ ያለ ሰፈር ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ "ያለ ሐሳብ፣ ያለ ጭንቀት" ማለት ነው። እኔ ግን እዚያው ሳንሱሲ ተቀምጬ ብዙ የተጨነቅሁበትን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

አንዲት ጎረቤታችን እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴት ናቸው። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ምጣዳቸው መሰኪያ ተሰነጠቀ። ጠሩኝና፣ "አንተ እኮ ኤሌክትሪክ ትነካካለህ፣ እስቲ ይህን ቀይርልኝ" አሉኝ።

እኔም ደስ አለኝ። መሣሪያ ግን አልነበረኝም። ካቻቢቴ ከጎረቤት ተዋስሁ። ሽቦውን የላጥሁት በምላጭ ነው። ምላጩን በሽቦው ዙሪያ አዞርሁት። ፕላስቲኩ ወዲያው ተቆረጠ። ከፕላስቲኩ ጋር ግን ብዙ የመዳብ ክሮች ተቆርጠው ወለሉ ላይ ወደቁ። አየኋቸው። አሳፈረኝ። "እንደገና ልጀምር" ማለት ከበደኝ። የቀሩትን ክሮች ጠምዝዤ በብሎኑ አሰርሁና መሰኪያውን ዘጋሁት።

ምጣዱ ሠራ። እትዬ መረቁኝ። ትኩስ እንጀራ ሰጡኝ፣ በላሁ።

በሦስተኛው የጋገራ ቀን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። መሰኪያው ጠቁሮ ቀለጠ። አጠገቡ የነበረ ካርቶን ተያያዘ። እትዬ በድንጋጤ የውሃ ማሰሮ አነሡ። ትልቋ ልጃቸው፣ "እማዬ ውሃ አታድርጊበት!" ብላ ጮኸች። ሮጣ ዋናውን ማጥፊያ አወረደች። ከዚያ በኋላ ነው እሳቱ የጠፋው። ሰው አልሞተም። ግድግዳው ግን ጠቆረ። ሊጡ ተደፋ። የዚያን ቀን እንጀራ የሚጠብቁ ደንበኞች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ባለሙያ ተጠራ። የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ አየው። ከሃምሳው ክር የቀረው ሃያ ያህል ነበር። "ይህን የላጠው ማን ነው?" ብሎ ጠየቀ። እኔ ቆሜ እየሰማሁ ዝም አልሁ። እትዬ "መሰኪያው ሳይሆን አይቀርም" አሉ። ሊከላከሉልኝ ይሁን ወይም ሳያውቁ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

ማታ ሄጄ እውነቱን ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም። "ያን ጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ አንድ ጣት ሽቦ ቆርጠን እንደገና እንሠራው ነበር" አሉኝ። ይህ አነጋገር ከማንኛውም ቁጣ ይበልጥ ገባኝ። ጥፋቴ ሁለት ነበር። የመጀመሪያው መዳቡን መቁረጤ ነው። ይህ ማንንም ሊያጋጥም ይችላል። ሁለተኛውና ትልቁ ጥፋቴ ግን እያየሁ መሸፈኔ ነው።

3. ሽቦ ምንድን ነው?

ሽቦ ሁለት ነገር ነው። ውስጡ መዳብ ነው። መዳብ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ውጪው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። መዳቡ መንገድ ነው፣ ፕላስቲኩ አጥር ነው።

ሽቦ በዓይነቱ ሁለት ነው።

ሀ/ ድርቅ ያለ ሽቦ። ውስጡ አንድ ወፍራም መዳብ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ በግድግዳና በጣሪያ ውስጥ ይዘረጋል።

ለ/ የሚተጣጠፍ ሽቦ። ውስጡ ብዙ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አሉት። ለምጣድ፣ ለካውያና ለማራዘሚያ የሚሆነው ይህ ነው።

ሽቦ ስትገዙ ባለ ሱቁ "ባለ ስንት?" ይላችኋል። ቁጥሩ የመዳቡ ውፍረት ነው። የሚለካው በካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 1.5 ብዙ ጊዜ ለመብራት ይሆናል። ባለ 2.5 ለሶኬት ይሆናል። ባለ 4 ከዚያ ይወፍራል፣ ብዙ ኃይል ለሚስብ ዕቃ ይሆናል። ቁጥሩ በሽቦው ልባስ ላይ ስለሚጻፍ ሳታነቡ አትግዙ። የማንበብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ቀለሙንም እዩ። አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለው የመሬት ሽቦ ነው። በአዲሱ አሠራር ቡናማው ኃይል የሚያመጣው ነው፣ ሰማያዊው መላሹ ነው። በቆየ ቤት ውስጥ ግን ቀይና ጥቁርም ታገኛላችሁ። የቀድሞ ሠራተኛ አቀያይሮ ሊሆን ስለሚችል በቀለም ብቻ አትመኑ።

አንዳንድ ሰው የመሬት ሽቦውን "ሥራ የለውም" ብሎ ቆርጦ ይጥለዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የምጣዱ ብረት ኃይል ቢነካው፣ ኃይሉን በእናታችን ወይም በሚስታችን እጅ ፈንታ ወደ መሬት የሚወስደው ያ ሽቦ ነው።

4. የተነካ መዳብ ለምን ይግላል?

ይህን በአህያ እንማረው።

25 ኩንታል እህል አለ እንበል። 50 አህያ አለን። ለእያንዳንዱ አህያ ስንት ይደርሰዋል? 25 ለ 50 ሲካፈል ግማሽ ኩንታል ነው። አህያው ይችለዋል። አሁን 30 አህያ ቀረ፣ የቀረው 20 ብቻ ነው። እህሉ ግን ያው 25 ኩንታል ነው። 25 ለ 20 ሲካፈል አንድ ኩንታል ከሩብ ነው። ጭነቱ ሁለት ተኩል ጊዜ አደገ ማለት ነው። አህያው ይወድቃል።

የእትዬ ምጣድ ሽቦም የሆነው ይኸው ነው። ባለ 2.5 የሚተጣጠፍ ሽቦ ብዙ ጊዜ 50 ያህል ክር አለው። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። 3,500ን ለ 220 ብናካፍል 16 አምፔር ያህል ይመጣል። ይህ ለ50 ክር የታሰበ ጭነት ነው። 20 ክር ሲቀር ሽቦው በዚያ ቦታ ባለ 2.5 መሆኑ ቀረ፣ ባለ 1 ሆነ።

አህያ ሲደክም ይተኛል። ሽቦ ሲደክም ግን ይግላል። በእያንዳንዱ ክር ላይ ጭነቱ ሁለት ተኩል ጊዜ ሲያድግ የሚወጣው ሙቀት ከስድስት ጊዜ በላይ ያድጋል። በዚህ ላይ የሳሳውን ሽቦ ብሎኑ አጥብቆ አይዘውም። የላላ ማሰሪያ ደግሞ ራሱ ይግላል። ሁለቱ ሲገናኙ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳት ይነሣል።

ድርቅ ያለው ሽቦ ላይ ጉዳቱ ሌላ ነው። ቢላ ዙሪያውን ከጫረው ያ ቦታ እንደ ተሰነጠቀ ሞፈር ነው። ሲታጠፍ እዚያው ላይ ይሰበራል። አንዳንዴ የሚሰበረው ግድግዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ ማን ያየዋል?

5. መሣሪያ መምረጥ

ሀ/ የሽቦ መላጫ ፒንሳ

ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ለዚሁ ሥራ የተሠራ ነው። ከንፈሩ ላይ ትልቅና ትንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ለእያንዳንዱ ውፍረት የራሱ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ፕላስቲኩን ይቆርጣል፣ መዳቡን ያልፈዋል። ሌላ ዓይነትም አለ፤ አንድ ቀዳዳ ብቻ ኖሮት በብሎን የሚጠብቅና የሚላላ ነው። ራሱ ለክቶ የሚልጥም አለ፣ ዋጋው ግን ይበልጣል።

ስትገዙ ቁጥሩን አንብቡ። በአንዳንዱ ላይ 1.5፣ 2.5፣ 4 ይላል። ይህ እኛ ሽቦ የምንገዛበት ልኬት ነው። በሌላው ላይ 10፣ 12፣ 14፣ 16 ይላል። ይህ የአሜሪካ ልኬት ነው። በአሜሪካ ልኬት ቁጥሩ ሲያድግ ሽቦው ይቀጥናል። ባለ 16 ከባለ 10 ይቀጥናል ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የእኛ ባለ 2.5 በ14ና በ12 መካከል ነው፤ ስለዚህ በ12 ቀዳዳ ጀምሩ። የእኛ ባለ 1.5 በ16ና በ14 መካከል ነው፤ በ14 ጀምሩ። ምንጊዜም ከሰፊው ጀምሩ። ሰፊው ቢያንስ መዳብ አይቆርጥም።

አንድ መላጫ ፒንሳ ለአንድ ቤት ውድ መስሎ ከታያችሁ አሥር ቤት አዋጥቶ ይግዛ። በየቀኑ አይፈለግም። ሚዛን በጋራ እንደሚያዝ መላጫም በጋራ ይያዝ።

ለ/ መቁረጫ ፒንሳ

መቁረጫ ፒንሳ ሽቦ ለመቁረጥ እንጂ ለመላጥ አልተሠራም። እጁ የለመደ ባለሙያ ይልጥበታል። ፕላስቲኩን በቀስታ ይነክስና ይጎትተዋል። ጀማሪ ግን ሲጨብጥ ልኩን አያውቅም፣ መዳቡን ይነካል። ሌላ ከሌላችሁ መጀመሪያ በወዳደቀ ቁራጭ ሽቦ ላይ ሃያ ጊዜ ተለማመዱ።

ሐ/ ሰንጢ

ሰንጢ በየቤቱ አለ። በአግባቡ ከያዛችሁት ይሠራል። ቁም ነገሩ አያያዙ ነው። ሰንጢውን ቀጥ አድርጋችሁ በሽቦው ዙሪያ አታዙሩ። እርሳስ እንደምትቀርጹ አጋድማችሁ ያዙ። ስለቱ ከሰውነታችሁ ወደ ውጪ ይሂድ። ፕላስቲኩን በስሱ ቅረፉት፣ የቀረውን በጣት ላጡት። ሰንጢው የተሳለ ይሁን። የደነዘዘ ሰንጢ ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ያመልጥና እጅ ይቆርጣል።

መ/ ምላጭ

ምላጭ በጣም ስለታም ነው፣ መያዣ ግን የለውም። ፕላስቲኩ አልቆ መዳቡ ሲጀምር እጃችሁ አያውቅም። እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው። አይመከርም።

ሠ/ ጥርስ

በማታው ክፍላችን አንድ አባት እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦

"ልጄ፣ እኔ የራዲዮ ሽቦ በጥርሴ ስልጥ ነው የኖርሁት። ምን ሆንሁ?"

"አባባ፣ ራዲዮዎ ስንት ድንጋይ ይበላል?"

"አራት።"

"የአንዱ ድንጋይ ኃይል 1.5 ቮልት ነው። አራቱ 6 ቮልት ናቸው። የቤት መብራት ግን 220 ቮልት ነው። 220ን ለ 6 ቢያካፍሉት ከ36 እጥፍ በላይ ነው። ራዲዮው ምሮዎታል፣ ይኸኛው ግን አይምርም።"

"ይሁን፣ ካጠፋሁትስ?"

"መጥፋቱን ማን ያውቃል አባባ? ሌላ ሰው መልሶ ቢያበራውስ? ደግሞም ልባሱ ውስጥ መርዝ ሊኖር ይችላል። በብዙ የቆየ የሽቦ ፕላስቲክ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት ይጨመር ነበር።"

አባት ሳቁና፣ "ጥርሴስ ድሮም አልቋል፣ ፒንሳውን ለልጆቹ እነግራለሁ" አሉ።

ረ/ እሳት

ክብሪት ወይም ላይተር ለኩሶ ፕላስቲኩን ማቅለጥ የተለመደ ነው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መዳቡ ይጠቁራል። የጠቆረ መዳብ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፣ ማሰሪያው ይግላል። የቀረው ፕላስቲክም ይከስላል፣ ይሰነጠቃል። ጭሱ ደግሞ መርዛም ነው፣ ዐይንና ሳንባ ያቃጥላል። መዳብ ለቆራሌው ለመሸጥ ሲሉ ሽቦ ክምር አድርገው የሚያቃጥሉ ልጆች አሉ። ይህን ስታዩ ከልክሉ። ጭሱ ለከብቱም፣ ለሕፃኑም አይበጅም። የወዳደቀ ሽቦ በሰንጢ ተሰንጥቆ ያለ እሳት ይገፈፋል።

6. አላላጡ በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ኃይሉን አጥፉ። አምፖሉን ማጥፋት አይበቃም። ዋናውን ማጥፊያ፣ ብሬከሩን አውርዱ። አንድ ሰው እዚያው ይቁም፣ ማንም እንዳያበራ ይጠብቅ። መሰኪያ ያለው ዕቃ ከሆነ ከግድግዳው ንቀሉት።

ሁለተኛ፣ መጥፋቱን አረጋግጡ። ቴስተር የሚባል መብራት ያለው ትንሽ ካቻቢቴ አለ። መጀመሪያ ኃይል እንዳለ በምታውቁት ሶኬት ላይ ሞክሩት። ቴስተሩ ራሱ የተበላሸ ሊሆን ይችላልና። እጃችሁ እርጥብ፣ እግራችሁ ባዶ አይሁን።

ሦስተኛ፣ ለኩ። ለመሰኪያና ለማብሪያ ማጥፊያ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። የትንሿ ጣት ጥፍር ስፋት ያህል ነው። ብዙ ከላጣችሁ መዳቡ ከብሎኑ ውጪ ተርፎ ይታያል፣ ከጎረቤት ሽቦ ጋር ይነካካል። ጥቂት ከላጣችሁ ብሎኑ ፕላስቲኩን ይነክሳል፣ መዳቡን አይዝም።

አራተኛ፣ ወፍራም የውጪ ልባስ ካለው መጀመሪያ እሱን አውጡ። በውስጡ ሦስት ሽቦዎች አሉ። ልባሱን በቁመቱ በስሱ ሰንጥቁት እንጂ በኃይል አትቁረጡት። የውስጦቹ ፕላስቲክ ተቆርጦ እንደሆነ እያጠፋችሁ እዩ።

አምስተኛ፣ ቀዳዳ ምረጡ። ከሰፊው ጀምሩ። ካልላጠ ወደሚቀጥለው ጠባብ ውረዱ።

ስድስተኛ፣ ጨብጡ፣ ጥቂት ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩ፣ ሳትለቁ ወደ ጫፉ ሳቡ። ፕላስቲኩ እንደ ባቄላ ልባስ ይወልቃል። በኃይል መሳብ ካስፈለገ ቀዳዳው ትክክል አይደለም ማለት ነው።

ሰባተኛ፣ እዩ። ይህን ማንም እንዳይዘልለው። ብርሃን ላይ ያዙት። የተቆረጠ ክር አለ? ወለሉ ላይ የወደቀ ክር አለ? በድርቁ ሽቦ ላይ የተጫረ መስመር አለ? ጥፍራችሁን በመዳቡ ላይ ሳቡት፤ ጥፍር ከያዘ ተጭሯል ማለት ነው።

ስምንተኛ፣ ከተነካ ቆርጣችሁ ጣሉ። ከጫፉ ቁረጡና ከአንደኛው ጀምሩ። አንድ ጣት ሽቦ ያለቀበት ቤት የለም። ሽቦው እንዳያጥር ሁልጊዜ አንድ ስንዝር ትርፍ ትታችሁ ግዙ።

ዘጠነኛ፣ ክሮቹን በአንድ አቅጣጫ ጠምዝዙ። ሁሉም በብሎኑ ሥር ይግቡ። አጥብቁ። ከዚያ በቀስታ ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹ። ከወጣ አልታሰረም።

አሥረኛ፣ ሽቦ ከሽቦ ጋር ከተቀጠለ በማያያዣ እሰሩት፣ በናስትሮም በደንብ ሸፍኑት። ፌስታልና ጨርቅ ናስትሮ አይሆኑም። መዳብ ከአሉሚኒየም ሽቦ ጋር በቀጥታ አይጠመዘዝ። ሁለቱ ተበላልተው ማሰሪያው ይላላል።

7. ለፀሐይ ኃይልና ለባትሪ

ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሰው አይመታም ተብሎ ይናቃል። እንደ 220ው አይመታም፣ እውነት ነው። እሳት ግን ያነሣል። ሒሳቡን እዩ። 60 ዋት የሚስብ ዕቃ በ220 ቮልት ሲሠራ ሩብ አምፔር ያህል ነው የሚስበው። ያው 60 ዋት በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባል። ቮልቱ ሲያንስ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ጭነት ይበዛል። ስለዚህ ለፀሐይ ኃይል ወፈር ያለ ሽቦና በጥንቃቄ የተላጠ ጫፍ ያስፈልጋል።

ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ሽቦውን መጀመሪያ ከባትሪው ላይ ንቀሉ፣ ከዚያ ላጡ። የፀሐይ ሰሌዳው ማጥፊያ ስለሌለው በጋቢ ወይም በጨርቅ ሸፍኑት። ሁለተኛ፣ ሁለቱን ሽቦዎች በአንድ ጊዜ አትላጡ። አንዱን ላጡ፣ ጫፉን በናስትሮ ሸፍኑ። ከዚያ ሌላውን ላጡ። ባትሪ ላይ ያሉ ሁለት ራቁት ጫፎች ከተነካኩ ብልጭታው ዐይን ያጠፋል።

8. ከእኛ ሥራ ውጪ የሆነው

ከመንገድ ምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው። አንነካውም። የወፍጮ ሞተር 380 ቮልትም የባለሙያ ሥራ ነው። መሬት ላይ የወደቀ መስመር ካያችሁ ከብቱንም ሰውንም አርቁ፣ ቀረብ ብላችሁ አትዩ።

ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጃችሁ አትጎትቱ፣ እናንተንም ይይዛል። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ አውርዱ። በቤት ውስጥ ይህ ካልተቻለ በደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ሽቦውን አርቁ። ከዚያ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ኤሌክትሪክ በያዘው እሳት ላይ ውሃ አትድፉ። የእትዬ ልጅ ቤታቸውን ያዳነችው ይህን ስላወቀች ነው።

9. ጥያቄዎች

1ኛ/ ከበግ ቆዳና ከሽቦ፣ ቢላ መንካት የሌለበት የትኛው ነው?
2ኛ/ ባለ 1.5 ሽቦ 30 ክር አለው እንበል። 10 ክር ተቆረጠ። ስንት ቀረ? ሽቦው አሁን ባለ ስንት ሆነ?
3ኛ/ በአሜሪካ ልኬት ባለ 12ና ባለ 16 ሽቦ አሉ። የሚወፍረው የትኛው ነው?
4ኛ/ መላጫ ፒንሳ ላይ ከየትኛው ቀዳዳ እንጀምራለን? ለምን?
5ኛ/ ላጣችሁ፣ ሦስት ክር ተቆርጦ ወደቀ። ማንም አላያችሁም። ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ 1ኛ/ ከበጉ ቆዳው፣ ከሽቦው መዳቡ። 2ኛ/ 20 ክር፣ ባለ 1 ሆነ። 3ኛ/ ባለ 12። 4ኛ/ ከሰፊው፤ መዳብ እንዳይቆረጥ። አምስተኛውን ግን እኔ አልመልስላችሁም። ለራሳችሁ መልሱ።

ለቤት ሥራ፦ ከወዳደቀ ሽቦ አንድ ክንድ ያህል ፈልጉ። ከኃይልም ከባትሪም ጋር ያልተያያዘ ይሁን። በሰንጢ አሥር ጊዜ ላጡ። መዳቡ ያልተነካበትን ቁጠሩ። ከአሥር ስንት አገኛችሁ? ቁጥሩን በደብተራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሞክሩና አስተያዩ። ከአሥር አሥር ስታገኙ የቤታችሁን ሽቦ ለመንካት ትደርሳላችሁ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የተማረ ሁሉ ያልተማረውን እንዲያስተምር ተጠየቀ። ይህም ትምህርት በአንድ ቤት አይቅር። መላጥ የቻለ ለሁለት ጎረቤት ያሳይ። ያጠፋም ሳያፍር ይናገር፣ ቆርጦ እንደገና ይጀምር።